በድንጋይ ሙቀት ላይ የተደረገ ሽምግልና

ሰዎች ሕይወታቸው የተለወጠበትን ቀን ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ ሞት፣ ፍቅር ወይም እስር አይጠፋበትም። የእኔ ታሪክ ውስጥ ያለው የድንጋይ ሙቀት ነው። በዚህ ቅር የሚለው አንባቢ ካለ ከወዲሁ ገጹን ይግለጥ፤ አልቀየመውም። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም ገልጬ አልፈው ነበር።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ዳባት ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ለመጽሔቶች መጣጥፍ ስጽፍ ኖሬ፣ የምጽፍባቸው መጽሔቶች ተራ በተራ ሲዘጉ መጻሕፍቴን በካርቶን ጠቅልዬ ደባርቅ ታላቅ እህቴ ግቢ ውስጥ የገባሁ ሰው ነበርኩ። የከተማው ሰው ዘለቀ የሚለውን ስሜን ብዙም አይጠቀምበትም። «አቶ አይደለም» ይሉኝ ነበር፤ ማንም ምንም ሲናገር የመጀመሪያ ቃሌ «አይደለም» ስለሆነ። ስሙ ልክ አይደለም ብዬ ብከራከር ደግሞ ይብሱን ያጸድቅብኛል።

እህቴ የሻረግ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዶሮ ማርባት ጀምራ ነበር። የአንድ ቀን ጫጩቶች ከባሕር ዳር አስመጥታ ታሳድጋለች። ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ ይገባዋል። የአንድ ቀን ጫጩት የሚፈልገው ሙቀት መተማ ያለውን ነው፤ ደባርቅ ውስጥ ደግሞ በኅዳር ጠዋት በረንዳ ላይ ያደረ ውኃ በረዶ ይዞ ይገኛል። ጫጩቶቹን የምታሞቀው በአምፖል ነበር። ባለፈው ዓመት መብራት የጠፋ ዕለት ከግማሽ በላይ አለቁባት። ጠዋት ከጓሮ በአካፋ ስትቀብራቸው አየኋት። አላለቀሰችም። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣

«አንዴ ደግሜ እሞክራለሁ» አለችኝ። «ይሄም ካልሆነ ቤቱን ቆልፌ ባሕር ዳር ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። አንተም መጻሕፍትህን የምታኖርበት ፈልግ።»

ስለዚህ በጫጩቶቹ ሕይወት ላይ የእኔም ማደሪያ ነበረበት። ይህን የምናገረው ከዚህ በኋላ የማሳየው ትጋት ከርኅራኄ ብቻ የመነጨ እንዳይመስላችሁ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ስሜን ተራራን በእግራቸው ሊያዩ መጥተው፣ አስጎብኚያቸው እህቴ ቤት ሻይ አስጠጥቷቸው፣ ጉዳቷን ሰምተው ኖሮ አገራቸው ሲገቡ ትንሽ የአሠራር መመሪያ ላኩላት። ነገሩ ቀላል ነው። ከጫጩቶቹ ወለል ሥር ቡጢ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ይሞላል። በድንጋዩ መሐል የብረት ቱቦ ያልፋል። ውጭ ከበርሜል የተሠራ ምድጃ ይነዳል፤ ጭሱ በቱቦው ሲያልፍ ድንጋዩን ያሞቃል። ከዚያ እሳቱ ቢጠፋ፣ መብራቱ ቢሄድ፣ ድንጋዩ ያጠራቀመውን ሙቀት ቀስ እያለ ሲለቅ ያድራል።

ችግሩ መመሪያው በአሜሪካ መለኪያ መጻፉ ነበር። ክብደቱ በፓውንድ፣ የአየሩ ሙቀት በፋራናይት፣ የሙቀቱ መጠን ቢቲዩ በሚሉት። ዋናዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ አንድ ፓውንድ ድንጋይ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት እንዲሞቅ ዜሮ ነጥብ ሁለት ቢቲዩ ይፈልጋል። ስንት ድንጋይ እንደሚሞላና ስንት እንጨት እንደሚነድ የሚታወቀው በእሷ ነው። እሷ ወደ እኛ መለኪያ ትለወጥ።

ደባርቅ ውስጥ አንድ ነገር ይለወጥ ከተባለ የሚኬደው ጋሽ ፈንታ ዘንድ ነው። የጂኦግራፊና የታሪክ መምህር፣ በኋላም ርዕሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ወረዳው ውስጥ ወንበር የያዘውን ግማሹን ሰው ያስተማሩ፣ እኔንም በጆሮዬ ጎትተው ትምህርት ያስጨረሱኝ ሰው ናቸው። በረንዳቸው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። አስጎብኚው የፈረንጆቹን የአውሮፕላን ሰዓት ይዞ ይመጣል፤ ስድስት ቀንሰው ወይም ደምረው ይሰጡታል። ፓስፖርት የሚያወጣው የልደቱን ዘመን ይዞ ይመጣል፤ ሰባት ወይም ስምንት ደምረው ይሸኙታል። በዚህ ሥራ አንድም ሰው አውሮፕላን አላመለጠውም፤ አንድም ሰው ከእናቱ በፊት ተወልዶ አልተገኘም።

እህቴ መመሪያውን ሰጠቻቸው። በማግስቱ ውጤቱን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ጠሩን፦ ዜሮ ነጥብ አንድ አንድ።

«አይደለም» አልኩ።

«ገና ሳታየው?» አሉ መነጽራቸውን እያወረዱ።

«ዜሮ ነጥብ ሁለት ነው። ምንም አይለወጥም።»

«ከአሜሪካ መጥቶ ምንም አይለወጥም?»

«አይለወጥም። እነሱ አንድ ቢቲዩ የሚሉት አንድ ፓውንድ ውኃ በአንድ የእነሱ ዲግሪ የሚያሞቀውን ነው። እኛ አንድ ካሎሪ፣ ትልቁን ካሎሪ ማለቴ ነው፣ የምንለው አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ የእኛ ዲግሪ የሚያሞቀውን ነው። ሁለቱም ውኃን አንድ ብለው ነው የጀመሩት። ዜሮ ነጥብ ሁለት ማለት ድንጋይ የውኃ አንድ አምስተኛ ነው ማለት ነው። አምስተኛ እዚያም አምስተኛ፣ እዚህም አምስተኛ ነው። በጁል ካላሉኝ በቀር። በጁል ካሉኝ በአራት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት አባዛለሁ።»

«አልልህም» አሉ። ከዚያ የሠሩትን አስረዱኝ። ቢቲዩውን ወደ ካሎሪ፣ ፓውንዱን ወደ ኪሎ ለውጠዋል፤ እዚህ ድረስ አንድም ስሕተት የለበትም። ዜሮ ነጥብ አንድ አንድ የወጣው እዚያ ላይ ነው። የቀረው ዲግሪው ነበር፤ ዲግሪውን እንዳለ ትተውታል።

«ዲግሪውስ?»

«ፋራናይትና ሴልሺየስ የሚለያዩት በመነሻቸው ነው። እነሱ ከሠላሳ ሁለት ይጀምራሉ፣ እኛ ከዜሮ። እዚህ ላይ ግን የተጻፈው አንድ ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ አንድ ዲግሪ ነው።»

አንባቢዬ፣ ይሄ ስሕተት ከእኛ አገር ውጭ ሊሠራ አይችልም። እኛ ከዓለም ጋር ስንለያይ ሁልጊዜ በመነሻ ብቻ ነው። ሰዓታችን ያው የእነሱ ሰዓት ነው፤ ከንጋት ስለምንቆጥር በስድስት ተለየ። ዓመታችን ያው ዓመት ነው፤ መነሻችን ሌላ ስለሆነ በሰባት በስምንት ተለየ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲቀንስና ሲደምር የኖረ ሰው አንድ መለኪያ ከነእርምጃው ሊለይ እንደሚችል አይመጣለትም። የፋራናይት ዲግሪ ግን ከእኛው ያጥራል። የእኛ አምስት የእነሱ ዘጠኝ ነው። በዘጠኝ አባዝተው ለአምስት ቢያካፍሉት ኖሮ ዜሮ ነጥብ አንድ አንዱ ተመልሶ ዜሮ ነጥብ ሁለት ይሆንላቸው ነበር።

ይህን አሁን በእርጋታ ጻፍኩት። ያን ዕለት ያልኩት ሌላ ነው። ሻይ ቤት ውስጥ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በተሰበሰቡበት፣ «ጋሽ ፈንታ እጅ የገባ ቁጥር ወይ ስድስት ወይ ሰባት ሳይቀነስበት አይወጣም፤ ደመወዝ ከፋይ ቢያደርጓቸው ኖሮ አልቀን ነበር» አልኩ። ሳቁ። ጋሽ ፈንታም ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን መመለስ ተዉ።

የሁለታችን ልዩነት በድንጋይ ሲመነዘር ይሄ ነው፦ በእኔ ስሌት ሠላሳ ባሬላ ድንጋይ ይበቃል። በሳቸው ስሌት ድንጋዩ ሙቀት የሚይዘው በጥቂቱ ስለሆነ ሃምሳ አራት ባሬላ ያስፈልጋል። ባሬላ ያው ግንበኞች ሁለት ሆነው ፊትና ኋላ የሚሸከሙት ነው። ጫጩቶቹ ታዝዘው ቅዳሜ ሊገቡ ነው፤ ድንጋይ ጫኞቹ ግን «ሁለታችሁ ሳትስማሙ አንጭንም፤ በኋላ አውጡ ስትሉን ማን ያወጣዋል?» ብለው ቁጭ አሉ።

የሻረግ ሐሙስ ዕለት ሽማግሌ ጠራች።

ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ቄስ ይርዳው፣ በከተማው ያልታረቀ ባልና ሚስት ካለ ገና እሳቸው ስላልሰሙ ነው የሚባልላቸው። ሌላው እህል ነጋዴው አቶ ደሴ። ሦስተኛው ብዙ የማይናገሩ፣ የተነገረውን ሁሉ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ የሚያጸድቁ አዛውንት። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔና ጋሽ ፈንታ ፊት ለፊታቸው፣ እርስ በርስ ሳንተያይ።

በሥርዓቱ መሠረት መጀመሪያ ታላቅ ተናገረ። ጋሽ ፈንታ ዜሮ ነጥብ አንድ አንድን አቀረቡ። ቀጥሎ እኔ ዜሮ ነጥብ ሁለትን አቀረብኩ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም እንደ ድንበር ክርክር በጽሞና ሰሙ።

«እንግዲህ» አሉ ቄስ ይርዳው፣ «አንደኛው አምስተኛ አምስተኛ ነው ይላል። ሌላኛው ዲግሪ ዲግሪ ነው ይላል። እኔ በሁለታችሁም ንግግር ሐሰት አላገኘሁም።»

«አባ፣ ይሄ እኮ ሽምግልና አይገባውም» አልኩ። «ድንጋይ እርቅ አያውቅም። ያው ነው የሚሞቀው።»

«ድንጋዩን ማን አስታረቀው ልጄ? እናንተን ነው።» ወደ ጋሽ ፈንታ ዞሩ። «ሃምሳ አራት ካሉት ለእኛ ለሽበታችን ሲሉ ስንት ይለቃሉ?»

«ቁጥር ይለቀቃል እንዴ አባ?» አሉ ጋሽ ፈንታ። በዚህች ብቻ ከእሳቸው ጋር ተስማማሁ።

«እህል እንኳን ይለቀቃል» አሉ አቶ ደሴ። «ሠላሳና ሃምሳ አራት። መሐሉ አርባ ሁለት።»

«ከሠላሳው ላይ አሥራ ሁለት ተጨመረ፣ ከሃምሳ አራቱ አሥራ ሁለት ተቀነሰ» አሉ ቄስ ይርዳው። «አሥራ ሁለት መልካም ቁጥር ነው። ማንም አልተጎዳም።»

ሦስተኛው ሽማግሌ ነቀነቁ።

«ድንጋይ በዛ ማለት እኮ ደህና ማለት አይደለም» አልኩ። «ያው እንጨት ነዶ ድንጋዩ ከበዛ እያንዳንዱ ድንጋይ የሚደርሰው ሙቀት ያንሳል። እሳቱ በጠዋት ካልተለኮሰ ለብ ብሎ ይቀራል።»

«በእኔ ስሌት ድንጋይ ቶሎ ነው የሚሞቀው» አሉ ጋሽ ፈንታ ወደ ሽማግሌዎቹ እያዩ። «ስድስት ሰዓት ላይ ቢለኮስ፣ ጫጩቶቹ ለሚገቡበት ለአሥራ አንድ ሰዓት ይደርሳል።»

«እንግዲያውስ» አሉ አቶ ደሴ፣ «ጋሽ ፈንታ ከድንጋዩ ይህን ያህል ከለቀቁ፣ አቶ ዘለቀ ደግሞ እሳቱን ይልቀቅ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይለኮስ።»

አይደለም ልል አፌን ስከፍት የሻረግን አየኋት። በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ብቻ «ጨርሱ» ትለኛለች። ተነሣሁ። ጋሽ ፈንታም ተነሡ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ቄስ ይርዳው «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉን። በሰው ልጅ ታሪክ የድንጋይ ሙቀት መጠን በሽምግልና የተወሰነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ አርባ ሁለቱ ባሬላ ገባ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ምድጃው ተለኮሰ። መብራት ከዋዜማው ጀምሮ የለም፤ ትራንስፎርመር ተቃጥሏል ተብሏል። ፀሐይ ቢኖርም ከስሜን በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ሽማግሌዎቹ የእርቃቸውን ፍሬ ሊያዩና ሊመርቁ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ።

ስምንት ሰዓት ገደማ የሚኒባሱ ሾፌር ደወለ።

«ኮሶዬን አልፌያለሁ። ጉም ነው፤ ብርድ ነው። ተሳፋሪው ግን መስኮት ክፈት እያለ ነው።»

«እንዳትከፍት» አለች የሻረግ።

«ሽታው ከበደን እያሉ ነው እኮ እትዬ። አንዷማ ጫጩቶቹ ጸጥ ካላሉ እወርዳለሁ እያለች ነው።»

«ትውረድ።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ደወለ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሁልጊዜ ለምሳ ይቆሙ ነበር፤ ዛሬ ተሳፋሪው በሽታው የተነሣ ምሳ አስጠልቶት ቀጥል ብሎታል። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ሚኒባስ ሲዘገይ እንጂ ቀድሞ ሲመጣ አላየሁም። ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ጥሩምባውን ነፋ።

የሻረግ ወደ ጫጩት ቤቱ ገብታ ክርኗን ወለሉ ላይ አሳረፈች፤ የሕፃን መታጠቢያ ውኃ እንደሚለካ። ቀና ስትል ፊቷን አይቼ መልሱን አወቅሁ።

«ለብ ብሏል» አለች።

ካርቶኖቹ ሲከፈቱ የወጣውን ድምፅ አልረሳውም። የጠገበና የሞቀው ጫጩት የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ዝቅ ያለ ወሬ ነው። የበረደው ጫጩት ግን ስል ድምፅ ያወጣል፣ አያቋርጥም። ወለሉ ላይ ሲለቀቁ አልተበተኑም። ሁሉም ወደ አንድ ማዕዘን ሄደው ተደራረቡ። የሻረግ ይህን አይታዋለች፤ ባለፈው ዓመት ከመቅበሯ በፊት። ከታች ያለው ይታፈናል፤ ከላይ ያለው ይበርደዋል።

«እሳቱ ላይ እንጨት ጨምሩ» አለች። ጨመርን። ግን ያንን ሁሉ ድንጋይ ለማሞቅ ሰዓታት እንደሚፈጅ አውቄያለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም በልቤ አስልቻለሁ። ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ በዚያች ሰዓት ለምንም አልረዳኝም። አፍሬ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያኔ ግን የተሰማኝ እፍረት ሳይሆን «ብያችሁ ነበር» የማለት ጉጉት ነው። አፌን ከፈትኩ።

የሻረግ አላየችኝም። አንድ ካርቶን ሙሉ ጫጩት አንሥታ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችና የቄስ ይርዳውን ጋቢ ከጉልበታቸው ላይ ገለጥ አድርጋ ጫጩቶቹን እቅፋቸው ውስጥ ገለበጠቻቸው። ጋቢውን መልሳ ሸፈነች። «ድንጋዩን እንዳካፈላችሁ ብርዱንም ተካፈሉ።»

ቄስ ይርዳው አንድ ጊዜ ብቻ ዘለል አሉ። «ደግነቱ ነገ ቀዳሽ አይደለሁም» አሉና እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተው አቀፏቸው።

ከዚያ ለአቶ ደሴ ሰጠች። ለሦስተኛው ሽማግሌ ሰጠች፤ ነቀነቁ። ጎረቤት ተጠራ። ግቢው ውስጥ አግዳሚው፣ ድንጋዩ፣ የበሩ ደፍ ሁሉ ጋቢ በለበሰ ሰው ተሞላ፤ ሁሉም እርጉዝ ይመስላሉ፤ ሁሉም ይጮኻሉ። የሚኒባሱ ሾፌር ሳይቀር ጃኬቱን ቆልፎ ጫጩት ታቅፎ ቆመ። ጋቢ የሌለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ና ግባ» አሉኝ ጋሽ ፈንታ፣ የጋቢያቸውን አንድ ወገን ከፍ አድርገው። ከእርቁ ቃል ሌላ፣ ከሳምንታት በኋላ በቀጥታ የተናገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

ገባሁ። በመሐከላችን ብዙ ጫጩት ነበር። እየቆየ ድምፃቸው ዝግ እያለ መጣ።

«ጋሽዬ» አልኩ። «ፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ ሲል ምን ብለው ይለውጡታል?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በእግሬ ተጓዝኩ ቢልስ?»

«ዘጠኝ ነዋ። እንዴት ይቀነሳል? መንገዱ አያጥርም።»

«ለምን አይቀነስም?»

«መነሻው ነው እንጂ የሰዓቱ ርዝመት…» ብለው አቆሙ። አንዲት ጫጩት ከጋቢው ጠርዝ ጭንቅላቷን አወጣች፤ በጣታቸው መልሰው አስገቧት። «የእነሱ ዲግሪ ርዝመቱም ይለያል ነው የምትለኝ።»

«ያጥራል። የእኛ አምስት የእነሱ ዘጠኝ ነው።»

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ያሰላሉ። «እንግዲህ የእኛው እርምጃ ከረዘመ፣ እሱን ለመውጣት የሚፈልገው ሙቀትም ይጨምራል። ዜሮ ነጥብ አንድ አንድ በዘጠኝ ተባዝቶ፣ ለአምስት ተካፍሎ…» ጨረሱት። «አምስተኛው ተመልሶ አምስተኛ ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«ታዲያ ይህን ቀድሞ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር።»

«አልነገርከኝም። ሰው አሳቅህብኝ እንጂ።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ ልማዴ ነው። ግን እቅፌ ውስጥ አንዱ ጫጩት እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር ድምፅ ማሰማት አልፈለግሁም።

ጋሽ ፈንታ የእሳቸውን ወገን ጫጩቶች ወደ እኔ አዙረው፣ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ትተው በሸሚዝ ብቻ ወጥተው ሄዱ። ተቀይመው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ ጥቁር ሰሌዳቸውን ተሸክመው ነው። እንጨቱ እያለቀ መሆኑን አይተው ኖሯል። በመጥረቢያ ሰነጠቁት፤ ዜሮ ነጥብ አንድ አንድ ያለበትን ወገን መጀመሪያ ምድጃው ውስጥ ከተቱት። የተቀባ እንጨት ስለሆነ ጭሱ ከሙቀቱ ይበልጥ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ሰዉ ሁሉ ከየቤቱ እንጨት ማምጣት ጀመረ፤ የተሰበረ አግዳሚ፣ የአጥር ባሕር ዛፍ፣ የበር መቃን። ማንም የስንት ባሬላ ስሌት እንደሆነ አልጠየቀም፤ እስኪበቃ ነደደ።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሻረግ እንደገና ክርኗን አሳረፈች። ቀና አለችና «አምጧቸው» አለች። ወለሉ ላይ ለቀቅናቸው። ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ተበተኑ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ያዘ፤ ያ ዝቅ ያለ ወሬም ተጀመረ። ቄስ ይርዳው ጋቢያቸውን አራግፈው የተረፈባቸውን ነገር አዩ፤ አጣጥፈው በክንዳቸው ያዙት።

አሁን ወደሚያስቀኝ ክፍል ደርሻለሁ።

በዚያ ሌሊት ውርጭ ወረደ። መብራት አልመጣም። በሰፈሩ የቀረ እንጨት የለም፤ ንጋቱ እሑድ ስለሆነ የሚሸጥም አይገኝም። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ወደ ጫጩት ቤቱ ስሮጥ የሻረግ ከእኔ ቀድማ ውስጥ ተቀምጣለች። እጄን ይዛ ወለሉ ላይ አሳረፈችልኝ። ይሞቃል። ረፋድ ላይ ቄስ ይርዳው ከቅዳሴ በቀጥታ መጡና እጃቸውን አሳርፈው «ገና አለው» አሉ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ቤቱን እስኪያሞቀው ድረስ ድንጋዩ አልከዳንም። ከጫጩቶቹ በመንገድ ከተጎዱት ጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ተረፉ።

እኔ ክፍሌ ገብቼ አሰላሁ። ሁለት ጊዜ አሰላሁት፤ አንዴ በካሎሪ፣ አንዴ በጁል። ውጤቱ አልተለወጠም። የእኔ ሠላሳ ባሬላ፣ ትክክለኛው፣ እንደ መመሪያው ቢሞላ ኖሮ ለአንድ ሌሊት ይበቃ ነበር። መመሪያው ግን የደባርቅን ውርጭ፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመርንና እንጨት የማይሸጥበትን እሑድ አያውቅም። በእኔ ድንጋይ ቢሆን ጫጩቶቹ ጎሕ ሳይቀድ በቀዘቀዙ ነበር። ያተረፏቸው ከስሕተት የተወለዱት፣ በሽምግልና የጸደቁት፣ ያለ ልክ የሞቁት አሥራ ሁለት ባሬላዎች ናቸው። እነሱ ናቸው ቅዳሜ ቀን ሊገድሏቸው የነበሩት፤ እነሱ ናቸው እሑድ ጠዋት ያዳኗቸው።

እኔ ልክ ነበርኩ። ይህን ከዚህ በላይ ጥቅም አልባ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ከተማው ግን ምንም ግራ አልገባውም። «ሽማግሌ ያየው ነገር እንዲህ ነው» አለ። ጋሽ ፈንታ፣ በእውነቱ ከእኔ የሚሻሉ ሰው ናቸው፣ ሻይ ቤት ሄደው፣ እኔ ያሳቅሁባቸው ቦታ ላይ ቆመው «ተሳስቼ ነበር፤ ዘለቀ ነው ልክ» አሉ። ሰዉ ምን አለ መሰላችሁ? «አይ የጋሽ ፈንታ ትሕትና።» ደግመው ሲሉ ይብስ አከበሯቸው። አሁን በደባርቅ እውነቱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዳችን ብንናገር ትሑት እንባላለን፣ ሌላችን ብንናገር አቶ አይደለም።

ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። የሻረግ ባሕር ዳር አልሄደችም። የእኔም ካርቶኖች ባሉበት ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ እግራቸውን ሲያማቸው በቦታቸው የምጠራው እኔ ሆኛለሁ። አዎ፣ እኔ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እነቀንቃለሁ። አንድ ልማድ ብቻ ጨምሬያለሁ። ሁለት ሰው ሲካሰስ መሐሉን ከመፈለጌ በፊት ሁለቱንም እጠይቃለሁ፦ ከየት ጀምረህ ነው የምትቆጥረው? እርምጃህስ ምን ያህል ነው? የሚለያዩት በመነሻ ብቻ ከሆነ ተቀንሶ ያልቃል፤ አብረው በልተው ይሄዳሉ። በእርምጃ ከሆነ ግን መሐል የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ጋቢ ሥር አስገብቼ እስኪገባባቸው አስቀምጣቸዋለሁ።

በቅርቡ ከዳባት ዶሮ ማርባት የፈለጉ ባልና ሚስት መጡ። ስለ እህቴ ድንጋይ ሰምተው ኖሮ ቁጥሩን ሊጽፉ ነው። ጋሽ ፈንታም አጋጣሚ ሆኖ እዚያው ነበሩ፤ እንቁላል ሊወስዱ መጥተው። ባልየው እስክሪብቶውን አውጥቶ፣

«እሺ፣ ለዚህ ቤት ስፋት ስንት ባሬላ እንበል?» አለኝ።

ጋሽ ፈንታ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ምን እንደምመልስ መጠበቃቸው ነው።

«ድንጋይ የውኃ አምስተኛ ነው» አልኩት። «በዚያ ስታሰላው ሠላሳ ይመጣል። እሱን ጻፍ። ከሥሩ አሥራ ሁለት ጨምር። እሳቱን ደግሞ ለአርባ ሁለቱም በጠዋት ለኩስ።»

«አሥራ ሁለቱ የምንድን ነው?»

መሐንዲስ የሆነ አንባቢ ለዚህ ለጥንቃቄ ከስሌቱ በላይ ለሚጨመር ነገር በእንግሊዝኛ ስም እንዳለው ይነግረኛል። አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ቅዳሜ አግዳሚው ላይ ማን እንደተቀመጠ ስለማውቅ ሌላ ስም ሰጠሁት።

«የሽማግሌ ድንጋይ ነው» አልኩት። «አይቀነስም።»